ያልተለመደ ዜማ በምን ሚዛን ይመዘን?

ለጆሮ እንግዳ የሆነ ዜማ በቀረበ ጊዜ ዳኛው ማን ነው? ዳኝነቱስ በየትኛው ሕግ ይካሄዳል? ይህ ጥያቄ የሙዚቃ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን ጥቂት ጠለቅ ብለን ብንመረምረው፥ ጉዳዩ የፍርድ ጉዳይ፥ ፍርድም የግብረ ገብ ጉዳይ መሆኑን እንረዳለን። ሰው የለመደውን ሲያመሰግን ድካም የለበትም፤ ያልለመደውን ሲነቅፍም እንዲሁ። በሁለቱም ጊዜ የሚናገረው ልማዱ እንጂ ሕሊናው አይደለምና። ሕሊና ሥራውን የሚጀምረው ልማድ መልስ ባጣበት ቦታ ነው። ስለዚህ ገና ሙከራ ስለ ሆኑ፥ በገበያ ስላልታወቁና ከተለመደው መንገድ ወጥተው ስለ ተሠሩ የሙዚቃ ሥራዎች ሂስ መጻፍ የዳኝነትን ጠባይ አጉልቶ የሚያሳይ ፈተና ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህን ነገር መርሳ ላይ ሆኖ ማሰብ ያለ ምክንያት አይደለም። መርሳ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የምትገኝበት የወሎ ምድርም ለዜማችን ስም የሰጠ ምድር ነው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የወሎን የቦታ ስም የተሸከሙ ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ያለችው የገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰልም የሐብሩ የደቡብ ጎረቤት ነው። እንግዲህ አሮጌው ሚዛን በተሠራበት አገር፥ ዐዲሱ ሸቀጥ በየትኛው ሚዛን ይመዘን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከጥንት ጀምሮ በአገራችን ዘፈን የሚመዘነው በቃሉ ነው። አዝማሪ መሰንቆውን ሲመታ አድማጭ ጆሮውን የሚያቀናው ወደ ግጥሙ ነው፤ ሰሙን አልፎ ወርቁን ባገኘ ጊዜ ይደሰታል፤ ግጥሙ የላላ እንደ ሆነ ግን የጣቱ ጥበብ አዝማሪውን አያድነውም። ይህ የተከበረ ሚዛን ነው፤ ሕዝባችን ቃልን እንዲያከብር፥ ነገርን በአንድ ፊቱ ብቻ እንዳይቀበል አስተምሮታልና። ነገር ግን ቃል የሌለው ዜማ በቀረበለት ጊዜ ይህ ሚዛን የሚያነሣው ነገር ያጣል። አድማጩም «ዘፋኙ የታለ?» ብሎ ይጠይቃል።

ቃል አልባ ዜማ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው እንዳንል ደግሞ ላሊበሎች ይመሰክሩብናል። ገና ሳይነጋ በየደጁ እየቆሙ ከሚያዜሙት ከእነዚህ ሰዎች መካከል ባልና ሚስት ሆነው የሚወጡ አሉ፤ አንዱ ግጥሙን ሲያወርድ ሌላዋ ቃል በሌለው ድምፅ ታጅበዋለች። የቤቱ ባለቤት ሲነጋ የሚያስታውሰው ስሙ የተጠራበትን ግጥም ነው። ያች ቃል አልባ ድምፅ ባትኖር ግን ግጥሙ ራሱ በተራቈተ ነበር። እንግዲህ ጐደሎው ያለው በሥራው ላይ አይደለም፤ ለሥራው ስም ባላወጣነው በእኛ ቋንቋ ላይ ነው።

ይህን ለማስረዳት ሦስት ሰዎችን እናንሣ፤ ዘመኑንም ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እንጠቅሳለን። የመጀመሪያው በ2016 ያረፈው ሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን፥ እነዚያን የጦር ሜዳ የቃል ጥበቦች፥ ወደ ሳክስፎን አሻገረ። በ1972 የወጣው ሸክላው የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ የሚል ስም ይዟል። የውጭ አገር ሰዎች ይህን በሰሙ ጊዜ በአሜሪካ «ፍሪ ጃዝ» ከሚባለው፥ የጃዝን ደንብ ጥሶ ከወጣው አጨዋወት ጋር አመሳሰሉት። በ2004 «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ጓድ ወደ አምስተርዳም ጋበዘው፤ በ2006ም «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። ይሁን እንጂ የጌታቸው ጩኸት ደንብን የጣሰ አልነበረም፤ ደንብን የፈጸመ ነበር እንጂ። ፉከራን የሚያውቅ ሰው ትንፋሹ የት እንደሚያዝ፥ ድምፁ የት እንደሚንቀጠቀጥ፥ ንዴቱ የት እንደሚፈነዳ ያውቃል። ያንዱ ሥርዓት ለሌላው ሁከት መስሎ የሚሰማው እንዲህ ነው።

ሁለተኛዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1923 ተወልደው በልጅነታቸው በስዊስ አገር የተማሩት እኒህ እመቤት፥ ኋላ በአምባሰል ምድር በግሸን ማርያም መንኵሰው ዓመታትን አሳልፈዋል፤ በ2023ም በኢየሩሳሌም ዐረፉ። በፒያኖ የደረሱአቸው ዜማዎች በአውሮጳ የተማሩትን ጣትና ከአገራቸው ያገኙትን ቅኝት በአንድነት የያዙ ናቸው። ሥራቸው በሰፊው የታወቀው ግን በፓሪስ የሚታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ በ2006 ሃያ አንደኛውን ክፍል ለእርሳቸው ከሰጠ በኋላ ነው። አንድ የእንግሊዝ ራዲዮ ዝግጅት በ2017 ስለ እርሳቸው ሲያወራ በአሜሪካ መጠጥ ቤቶች በሚዘወተር የፒያኖ አጨዋወት ስም ጠራቸው። ሐሳቡ ምስጋና ነበር፤ ሚዛኑ ግን የተዋሰው ሚዛን ነው። የገዳምን ዝምታ ከመጠጥ ቤት ደጃፍ የሚያስጠጋ ስም፥ ምንም በፍቅር ቢወጣ፥ ከሥራው ይልቅ ሰሚውን ይገልጻል።

ሦስተኛው ኀይሉ መርጊያ ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረው ይህ ሰው፥ በ1985 የአገር ቤት ዜማዎችን በአኮርዲዮን፥ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በልዩ ልዩ የድምፅ መሣሪያዎች ብቻውን ተጫውቶ በካሴት አወጣ። ካሴቱ ከዓመታት በኋላ ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ በ2013ም እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰማ። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ በዋሺንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ይተዳደር ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ ዐዲስ አልበም አወጣ። ካሴቱ ከ1985 እስከ 2013 አንድ ድምፅ እንኳ አልተለወጠም። የተለወጠው የሰሚው ጆሮ ነው።

በእነዚህ ታሪኮች ላይ የውጭ ሰዎችን መውቀስ ውለታ ቢስነት ነው። እነርሱ ፈልገው አግኝተዋል፤ ያገኙትንም አልሸሸጉም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ የራሱን ሥራ ዋጋ ሁልጊዜ ከሌላ አገር ወሬ የሚሰማ ከሆነ፥ የሚያጣው ክብርን ብቻ አይደለም፤ የመስማት ችሎታውንም ነው። ጆሮ እንደ ክንድ ነው፤ ካልሠራ ይደርቃል።

እዚህ ላይ ፈቃድ ስለሚባለውም ነገር ጥቂት እናውሳ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ዐምሐ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ በ1969 ይህን ተዳፍሮ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቋመ፤ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀርጾ ወደ ውጭ አገር ልኮ አሳተመ። በ1974 የወጣው የሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮ ጃዝ አልበም በዚሁ ማሳተሚያ የታተመ ነው። በደንብ ውጭ የተወለደው ሥራ ዛሬ የአገር ቅርስ ተብሎ ይጠራል። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ደንብን ማፍረስ ጥበብን ያስገኛል የሚል አይደለም፤ ብዙ ደንብ አፍራሽ ምንም ሳያስገኝ ቀርቷልና። ትምህርቱ ፈቃድ ማግኘትም ሆነ ፈቃድ ማጣት የዜማ ሚዛን አይደለም የሚል ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ሚዛን ምን ዓይነት ነው? መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲሄዱ የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል ይገኛል። በእንደዚህ ያለ ቦታ ዐዲስ የማሽላ ዘር ሲፈተን ለብቻው አይዘራም፤ ገበሬው ከሚያውቀው ዘር ጎን፥ በእኩል መደብ ይዘራል። በአንድ ማሳና በአንድ ክረምት ብቻም አይፈረድበትም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጥያቄው ይወሰናል፤ ይህ ዘር የተፈለገው ዝናም ሲያጥር ቶሎ እንዲደርስ ነውን? ወይስ አቀንጭራን እንዲቋቋም? አቀንጭራን ለመቋቋም የወጣውን ዘር ጥያቄውን ሳያውቁ መንቀፍ ፍርድ አይባልም። ሆኖም ገበሬው «አገዳው አጠረብኝ» ብሎ ቢያማርር ቅሬታው ከንቱ አይደለም፤ አገዳው ለከብቱ መኖ፥ ለምድጃው ማገዶ ነውና። ተመራማሪው ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ የሚኖርበት ሰው የሚፈልገው ደግሞ ሌላ ነው። ፍርድ ሁለቱንም መስማት አለበት።

የሙከራ ዜማም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ሠሪው ምን ሊሞክር እንደ ተነሣ መረዳት ይገባል። ለምሳሌ ሙላቱ በአምስት ድምፅ ከሚሄደው ቅኝታችን ሥር በዐሥራ ሁለት ድምፅ የሚሠራውን የአውሮጳን ስምምነት ሲያስገባ፥ ችግሩ ቅኝቱ ሳይጠፋ እንዴት ይደገፍ የሚል ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ «ትዝታ አያስለቅስም» ብሎ መጣል ጥያቄውን አለማወቅ ነው፤ «ቅኝቱ ተውጧልን?» ብሎ መመርመር ግን ፍርድ ነው። ቀጥሎ ሥራውን ከሚያውቁት ሥራ ጎን አኑሮ መስማት ያሻል። በኮምፒዩተር የተቀናበረውን የመሰንቆ ድምፅ በእጅ ከሚመታው መሰንቆ ጋር ያላስተያየ ሰው ምን እንደ ተጨመረና ምን እንደ ጐደለ ሊናገር አይችልም።

በአንድ ነገር ግን ዜማ ከማሽላ ይለያል። ማሽላ ቀማሹን አይለውጥም፤ ዜማ ግን ሰሚውን ይለውጣል። በመጀመሪያው ቀን የሰማውና በዐሥረኛው ቀን የሚሰማው ሰው አንድ ዳኛ አይደሉም። «እንደዚህ ከሆነማ ደጋግመው የሰሙት ሁሉ ደግ ይሆናላ!» የሚል ተቃዋሚ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ብርቱ ነው። ነገር ግን መልመድና መግባት ሁለት ነገር ናቸው። ልማድ ጩኸትን ያስችላል፤ ያላየነውን ነገር ግን አያሳየንም። ዐሥረኛው ጊዜ ሦስተኛው ያልገለጠውን ነገር ከገለጠ ሥራው ሀብት አለው፤ የገለጠው ነገር ሳይኖር መሰልቸታችን ብቻ ከቀነሰ ግን የደነዘዘው ጆሮአችን ነው። ደጋግሞ የመስማት ጥቅሙ ይህን ለመለየት ነው እንጂ ሁሉን ለመውደድ አይደለም።

ስለ ንቀት ይህን ያህል ከተናገርን ስለ ሐሰተኛ ምስጋናም መናገር ይገባናል። ያልገባውን ሥራ «ኋላ ቀር እንዳልባል» ብሎ የሚያደንቅ ሰው ከሚንቀው አይሻልም። ነቃፊው ሠሪውን በሩን ይዘጋበታል፤ ውሸተኛው አመስጋኝ ግን በሩ የተከፈተ አስመስሎ ከግድግዳ ጋር ያጋጨዋል። እንግዳ መሆን ብቻውን ምስጋና የሚያስገኝ ከሆነ፥ ነገ ሰው ሁሉ እንግዳ ለመሆን ብቻ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ሙከራ ራሱ ልማድ ይሆናል።

ነገሩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ2014 ወዲህ እንደ እንደገና ሙሉና እንደ ሚካኤል ሰይፉ ያሉ ወጣቶች የአገር ቤት ድምፆችን በኮምፒዩተር እያቀናበሩ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚል ስም ለሥራቸው አውጥተዋል። ነገ ከመርሳ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ የላሊበላን የንጋት ድምፅ በስልኩ ቀርጾ፥ ከማሽላ ጠባቂ የወንጭፍ ጅራፍ ጋር አዋሕዶ ለመምህሩ ያሰማ እንበል። መምህሩ ቢስቅ ልጁ ይተዋል፤ ሳይሰማ «ግሩም ነው» ቢለው ልጁ አያድግም። ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱም ይከብዳል፤ «ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ ይህ ስፍራ ያዘኝ፤ ይህኛው አልገባኝም፤ ምን ልትል ነበር?» ማለት ነው። በእነዚህ አጫጭር ቃላት ውስጥ የሂስ ሕግ ሁሉ አለ። ስንት ጊዜ እንደ ሰማ ተናግሯል፤ ያገኘውን አልደበቀም፤ ያልገባውን በሥራው ጉድለት አላሳበበም፤ ፍርዱንም ሳይሰጥ ተከሳሹን ጠይቋል።

በጥንቱ የዳኝነት ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ በሸንጎ ፊት እኩል ቆመው ይሟገቱ ነበር፤ የተከሳሽ ቃል ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድም ፍርድ ተብሎ አይከበርም ነበር። ዐዲስ ዜማ አፍ የሌለው ተከሳሽ ነው፤ የሚሟገትለት የሰሚው ትዕግሥት ብቻ ነው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሹማምንት፥ በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች፥ ያልለመዳችሁት ድምፅ ወደ ደጃችሁ ሲመጣ ውደዱት አንላችሁም። ቃሉን ሳትሰሙ አትፍረዱበት፤ ከሰማችሁም በኋላ የተሰማችሁን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ንገሩት እንላለን እንጂ።