ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባ፦ በደቡብ ሱዳን፣ ጁባ፣ ለቶንፒንግ ኢትዮጵያውያን ምእመናን የተሰጠ ትርጓሜ

ኢዩኤል በምዕራፍ 1 የጠራቸው አራቱ፣ አንዱ ያስተረፈውን ሌላው እየተከተለ ጨረሰው። ዘይቤው ግልጥ ነው፤ አጥንት የሌላቸው ተባዮች አገር አጠፉ። እንለፈው።

አንድም አራቱ ባቢሎን፣ ፋርስ፣ ግሪክ፣ ሮም ናቸው።

አንድም አራቱ ስም የአንድ ፍጥረት ዕድሜ ነው፤ ይህ ይበልጣል። ኩብኩባ ክንፍ ያላወጣው ነው፤ ይዘላል እንጂ አይበርም። አንበጣ ያደገው ነው፤ ነፋስ ሲያገኝ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። «ኦሪት ዘሌዋውያን አንበጣን፣ ደጎብያን፣ ኩብኩባን በየወገኑ ብላ ለየቻቸው የለምን?» ቢሉ፣ ኦሪት የለየችው ለሚበላቸው ሰው ነው፤ ነቢዩ የቆጠረው ለሚበሉት አገር ነው። «ተምችሳ?» ቢሉ፣ እሱ እንኳ የእሳት እራት ልጅ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የገባው መጤ ተምች በቆሎውን ሲፈጅ ገበሬው ከአንበጣ ጋር አላምታታውም። እሱን ለአራቱ መንግሥታት ትርጓሜ እንተውለት። ለቀሩት ምስክሩ ቅርብ ነው፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. አንበጣው እዚሁ ደቡብ ሱዳን፣ ምሥራቅ ኢኳቶሪያ፣ ማግዊ ደርሷል። የመስኩ ባለሙያዎች የሚሹት በኩብኩባነቱ፣ ገና በምድር ሳለ መርጨት ነው፤ ከበረረ በኋላ ብዙ ጊዜ አውሮፕላን ያስፈልጋል። ኃጢአትም እንዲሁ ነው። አንተ ቅዳሜ ማታ «ለጨዋታ ያህል» ብለህ የተወራረድህ፣ ለእናትህ የምትልከው ገንዘብ ሳያልቅ፣ ክንፍ ሳያወጣ፣ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ነገ እሄዳለሁ አትበለኝ፤ ኩብኩባውም ነገ አንበጣ ነው።

አንድም ተባዮቹ አጥንት የሌላቸው መባላቸው ትሕትና ነው፤ ዳዊት በመዝሙር 21 ራሱን ትል አለ።

አንድም ምግብ ነው፤ የመጥምቁ ዮሐንስ አንበጣ። ቅጠል ነው ያሉ አሉ። ኦሪት ከፈቀደችው ቅጠል ማድረጉ ለምን አስፈለገ? ነገሩ መጸየፍ ይመስለኛል፤ መጸየፍ ደግሞ ከኛ ጋር ድንበር ተሻግሯል። ዝናብ ሲጥል ክንፍ ያወጣውን ምስጥ የኢኳቶሪያ እናቶች ለቅመው ሲጠብሱ፣ ከኛ ወገን አፍንጫውን የሚይዝ አለ፤ በሰው አገር፣ በሰው ደጅ! ምስጡን ኦሪት አልጠራችውም፤ ስለዚህ ብሉ አላልሁም። የሚበሉትን ግን አትናቁ።