ምላስና ምልክት

«ጣዕም» የሚለው ቃል በአማርኛ ከምላስ አልፎ ይሄዳል። ዜማ ጣዕም አለው፤ ንግግርም ጣዕም ያጣል። ስለዚህ የመጠጥ ቅምሻን ነገር ማንሣት ለኪነ ጥበብ ሰው ከሙያው መውጣት አይሆንም። ጥያቄው አንድ ነውና፤ ሰው «ይህ ከዚያ ይበልጣል» ብሎ ሲፈርድ ፈራጁ የቀመሰው ምላሱ ነው ወይስ ምልክቱን ያየው ዓይኑ?

ለዚህ ጥያቄ፣ በዩናይትድ ስቴትስ ራይ ከተባለው እህል የሚወጣውና በተራ ሠራተኛ ደመወዝ የሚገዛው ውስኪ ጥሩ መፈተኛ ነው። ራይ የስንዴና የገብስ ዘመድ ሲሆን ብርድንና ደካማ አፈርን ይችላል። በአገሪቱ ሕግ መሠረት በዚህ ስም የሚሸጠው መጠጥ ከሚጠመቅበት እህል ቢያንስ 51 በመቶው ራይ መሆን፣ አረቄውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል መቀመጥ አለበት። የቀረው 49 በመቶ ለአምራቹ የተተወ ነው። ልዩነቱም ከዚሁ ይጀምራል። በቆሎ የገባበት ለስለስ ብሎ ወደ ቫኒላና ወደ ተቃጠለ ስኳር ያደላል፤ ራዩ 95 በመቶ የደረሰው ግን ቁንዶ በርበሬን፣ ናናንና ቅርንፉድን ያስታውሳል፤ ምላስንም ይቆነጥጣል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ቡሊት፣ በ2012 ደግሞ ጆርጅ ዲክል በሚሉ ስሞች ለገበያ የቀረቡት ሁለት የራይ ውስኪዎች፣ ሁለቱም በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፣ በሎረንስበርግ ከተማ ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ የወጡ ነበሩ። የእህሉ ቅይጥ አንድ፣ የአልኮሉም መጠን እኩል 45 በመቶ ነበር። ዋናው ልዩነት ሁለተኛው በከሰል መጣራቱ ነው። ያም ሆኖ አንዱን የሚያጣጥም፣ ሌላውን የሚያጣጥል ጠጪ አልታጣም። (በአማርኛ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው የአንዲት ፊደል ልዩነት ብቻ ነው።) ይህ ሰው ዋሽቷልን? የግድ አይደለም። ከሰል የሚያመጣው ለውጥ አለ፤ ለውጡን ቀምሶ ይወቀው ወይም ጠርሙሱን አይቶ ይገምተው ግን ራሱም ላይለየው ይችላል።

መለያ ዘዴ አለ። ምልክቱን የማያሳይ ሌላ ሰው በሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል ይቀዳል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ ነው። ቀማሹ ያሸታል፤ ጥቂት ጠብታ ውኃ ይጨምራል፤ በአፉ አዙሮ ይተፋል፤ ከዚያም የተለየውን ይጠቁማል። በግምት ብቻ ከሦስት አንድ ጊዜ ይሳካለታል፤ ስለዚህ ደጋግሞ መፈተን ይገባዋል። ሁለቱን መለየት ያልቻለ ሰው ስለ ብልጫቸው የሚናገረው ሁሉ ከጠርሙሱ የተወሰደ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ መቃወሚያ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ተመራማሪዎች አንዱን የወይን ጠጅ አንድ ጊዜ 10 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ 90 ዶላር ያወጣል እያሉ ቢያቀምሱ፣ ሰዎቹ ውድ የተባለውን አብልጠው ወደዱት፤ ደስታን በሚመለከተው የአንጎል ክፍል የታየውም እንቅስቃሴ ከፍ አለ። እንግዲህ የተታለለው ሰው ደስታው እውነተኛ ነው። ደስታው እውነተኛ ከሆነ ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

ለብቻው የሚጠጣ ሰው ማንንም አልበደለም። ነገሩ የሚለወጠው ፍርዱን ለሌላ ሲያስተላልፍ ነው። ከደመወዙ ቆጥሮ የሚገዛው ሰው የቀማሹን ቃል አምኖ ገንዘቡን ያወጣል፤ ለስሙ የከፈለው ትርፍ ከእሱ ኪስ የወጣ ነው፤ በርካሹ ጠርሙስ ውስጥ ያለው የጠማቂው ልፋትም ሳይቀመስ ይናቃል። የሠዓሊውን ፊርማ አንብቦ ሥዕሉን የሚያደንቅ ሃያሲ፣ የተማሪውን ስም አይቶ ነጥብ የሚሰጥ መምህር በዚሁ ዕዳ ተይዘዋል።

ሆኖም ዓይንን መሸፈን ብቻ ምላስን አያስተምርም። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ በጻፈው ድርሰት፣ ከሰርቫንቴስ ዶን ኪኾቴ የተወሰደ ታሪክ ይጠቅሳል። ከሁለት ቀማሾች አንዱ ወይን ጠጁ ቆዳ ቆዳ፣ ሌላው ብረት ብረት ይላል ቢሉ ተሳቀባቸው፤ በርሜሉ ሲገለበጥ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ተገኘ። ችግሩ አብዛኛው በርሜል ቁልፍ የሌለው መሆኑ ነው።

ምልክትም ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ቀለምና ማጣፈጫ የተደባለቀበት አረቄ ውስኪ እየተባለ በሚሸጥበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ለሚታሸገው ውስኪ አራት ነገሮችን ደነገገ፦ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ወቅት ምርት፣ ቢያንስ 4 ዓመት የቆየ፣ አልኮሉም 50 በመቶ የሆነ። ዛሬም እንደ ሪተንሃውስ ያሉ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጡ የራይ ውስኪዎች ይህንኑ ምስክርነት በጠርሙሳቸው ላይ ይዘዋል። ሕጉ ዕድሜውንና ጥንካሬውን ይመሰክራል፤ ስለ ጣዕሙ ግን አንዲት ቃል የለውም።