ጓዳ ደጃፍ ላይ የቆመችው ልጅ

የእህቴ ልጅ፣ ያለፈው ቅዳሜ ከቤትሽ ስወጣ ዝም ያልሁሽ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ በእንግዶችሽ ፊት ላሳፍርሽ ስላልፈለግሁ ነው። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ስድስት ሆናችሁ ተቀምጣችሁ ነበር። የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» አንብባችሁ የጨረሳችሁበት ቀን ነው። እኔም አንቺው ባመጣሽልኝ ቅጂ፣ መነጽሬን እየወለወልሁ፣ ሁለት ወር ፈጅቶብኝ አንብቤዋለሁ። ትልቅ መጽሐፍ ነው። ስለ ሠራተኛዋ ስለ ኂሩት ማውራት ስትጀምሪ ድምፅሽ ተቆራረጠ። አባቷ የተወላትን ውጅግራ ጠመንጃ ጌታዋ ኪዳኔ ለጦርነቱ ብሎ የወሰደባትን ስታነሺ አለቀስሽ። እንባሽ የውነት ነበር፤ እሱን አልጠረጥርም።

በዚያው ሰዓት ያቺ ቤትሽ የምትሠራው ልጅ ጓዳው ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። የሁለተኛውን ቡና ሲኒ የደረደረችበትን ትሪ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ወደናንተ ሰገግ አድርጋ ታዳምጣለች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም አንቺ ያለቀስሽው በአማርኛ ነው። ወሬው ስለ አንዲት የሰው ቤት ሠራተኛ መሆኑ ገብቷታል። ቀና ብለሽ አየሻትና፣ እንባሽ ከጉንጭሽ ሳይደርቅ፣ «ምን ይገትርሻል? ቡናው ቀዘቀዘ እኮ!» አልሻት። «እሺ እትዬ» ብላ ቀዳች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያላችሁትን አልሰማሁም፤ እጇን ነበር የማየው።

ልብ ወለድ አታንብቢ የሚልሽ ሽማግሌ አይደለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ አስተምሬያለሁ። የፍቅርና የብርቱ ሴት ታሪክ ዘመን አመጣሽ ነገር ነው የሚሉሽን አትስሚ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ወጥታለች። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌልም የፊታውራሪ አባቷን ቤት ጥላ ወጥታለች። እኔ የምቆጣሽ ማንበብሽን አይደለም። የምቆጣሽ ባነበብሽው ውስጥ ራስሽን ያስቀመጥሽበትን ቦታ ነው።

አንቺ ራስሽን ከኂሩት ጎን አስቀመጥሽ። በቤትሽ ግን አስቴር ነሽ። የኪዳኔን ሚስት አስቴርን በደንብ ታውቂያታለሽ፤ የባሏን ካባ ደርባ ሴቶቹን ለዘመቻ የቀሰቀሰችውን። «እንዲህ ያለች ሴት ናት የምታስፈልገን» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ያቺው አስቴር አይደለችም እንዴ ኂሩትን የገረፈቻት? ያ ሁሉ ጉልበት መጀመሪያ ያረፈው በማን ጀርባ ላይ ነው? ደራሲዋ ሁለቱንም በአንዲት ሴት ላይ ያስቀመጠችው ለማን ይመስልሻል? ላንቺ ነው። ለእኔም ነው።

ለእኔም ያልሁት ለማለት ያህል አይደለም። የቤተሰብ ምስጢር በመጽሐፍ ስታነቢ ደስ ይልሻል፤ እንግዲህ የራስሽን ስሚ። ደብረ ማርቆስ በአባቴ ቤት እንጀራ ትጋግር የነበረችው፣ እናትሽን አዝላ ያሳደገችው፣ ለአንቺም በልጅነትሽ ቆሎ በመሐረብ ትቋጥርልሽ የነበረችው ሴት የአባቴ ልጅ ነበረች። እህታችን ናት። እናቷ የቤቱ ሠራተኛ ነበረች። ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚናገረው ግን አልነበረም። እኔ ያወቅሁት የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ፣ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ ነበር የሚሰማው። እሷ ሊጥ የነካ እጇን ከቀሚሷ አርቃ ይዛ ደጃፉን ተደግፋ ትቆማለች። የዚያን ሰው ድምፅ ታውቂዋለሽ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሲለያዩ እንባዋ በአገጯ ይወርድ ነበር፤ እጇ ሊጥ ስለሆነ አትጠርገውም። አባቴ ዞር ብሎ «ምጣዱ ነደደ፣ ሂጂ» ይላታል። ትሄዳለች። እኔ መጽሐፉን በእጄ የያዝሁ አስተማሪ ነበርሁ፤ በነጋታው ክፍል ገብቼ የሰብለ ወንጌልን አባት የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት ለተማሪዎቼ የምተነትን። አንድ ማታ እንኳ «ነይ፣ ተቀመጪ» አላልኋትም። ፊደል አላስቆጠርኋትም። ስትሞት የዕድር ሰዎች «ምናችሁ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። «ያሳደገችን ናት» አልሁ። እህቴ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ይኸው እስከ ዛሬ ያንቃኛል።

እናትሽ ይህን አልነገረችሽም፤ አትፍረጂባት። ግን ጠይቀሻታል? ያቺ የምታደንቂያት ደራሲ እንኳ፣ ቅድመ አያቷ የአባታቸውን ጠመንጃ በዳኛ ፊት ተሟግተው ተረክበው እንደ ዘመቱ ከእናቷ የሰማችው መጽሐፉን ስትጽፍ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ታሪኩ እቤቷ ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ልጅቱ ልመለስ። 16 ዓመቷ ነው፤ በደላላ መጣች። ስምንት ወር ሙሉ ደመወዟ በአንቺ መሳቢያ ውስጥ «ይጠራቀምላታል»። መስከረም ላይ ማታ ልማር ብላ ስትለምንሽ «ከተማረች ትሄዳለች» ብለሽ ከለከልሻት። ይህን ሁሉ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ፤ ያውም ጥሩ ቤት አያያዝ መስሎሽ። ትሄድ እንዴ! መሄድ የማትችልን ሰው ነው ኂሩት ብለሽ ያለቀስሽላት። ሕግ አለ እንዳትይኝ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ነገር ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶት ነው ያለፈው። በዚያ ቤት ውስጥ ከአንቺና ከባልሽ በላይ የሚዳኛት የለም። ለባልሽ የምለውን ለብቻው እነግረዋለሁ፤ እሱም አይቀርለትም።

ገንዘቧን ቆጥረሽ በእጇ ስጫት፤ በስሟ የባንክ ደብተር ታውጣ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከሥራ ትፈታና ትምህርት ቤት ትሂድ። ራቱን አንቺ ሥሪው፣ ወይም ባልሽ ይሥራው። የቅዳሜው ወግ ሲኖር ቡናውን ቀድታ ስትጨርስ ትቀመጥ፤ መቀመጥ ካልፈለገች ደግሞ ትረፍ፣ ከቤት ትውጣ። እንደ ጌጥ መሃላችሁ አስቀምጣችሁ ስለ እሷ እንድታወሩ አይደለም ይህን የምልሽ።

አንዲት ነገር ቀረችኝ። ከጓደኞችሽ አንዷ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ምግብ አብሳይዋ እስከ መጨረሻው ስም የላትም፤ ደራሲዋ ሆን ብላ ነው፣ ነገሩ ጥልቅ ነው ስትል ሁላችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ስወጣ ልጅቱ ከዘራዬን አቀበለችኝ። ስሟን ጠየቅኋት። እናንተ የምትጠሯትን ነገረችኝ። «እሱን አይደለም፣ እናትሽ ያወጣችልሽን» አልኋት። ወደ ሳሎኑ ዞር ብላ አየችና በሹክሹክታ ነገረችኝ። የምትጠሯት ከእሷ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም ኖሯል፤ ልጆቹ ለምደውታል ተብሎ።

ስሟን እዚህ አልጽፍልሽም። ሂጂና ራስሽ ጠይቂያት።