የሰኞው ጸሎትና የፍትሕ ጥያቄ

በላይፕሲግ ከተማ እምብርት በሚገኘው የቅዱስ ኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ «ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሞ ነበር። ይህን መጻፍ በምሥራቅ ጀርመን ቀላል ነገር አልነበረም። ጎረቤት የጎረቤቱን ወሬ ለምስጢር ፖሊሱ ለሽታዚ በሚያቀብልበት አገር፣ ሰው ያለ መንግሥት ፈቃድ ተሰብስቦ የልቡን የሚናገርበት ሌላ ጣራ ማግኘት ይቸግር ነበር።

የሰኞው የሰላም ጸሎት የተጀመረው በሴፕቴምበር 1982 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር። ኃያላኑ ለሁለት በተከፈለችው ጀርመን ምድር የኑክሌር ሚሳይል ለመትከል የሚሽቀዳደሙበት ዘመን ስለነበር፣ ወጣቶቹ የሚጸልዩት ጦርነት እንዳይነሣ ነበር። አንዳንድ ሰኞ የሚመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ስለ ሰላም አጥብቆ የሚጸልይ ሰው ግን በሚሳይሉ ላይ ብቻ አይቆምም። ጠመንጃ አልይዝም ያለ ወጣት ለምን ይቀጣል? ወንዛችንን ማን በከለው? አገር ለቅቄ ልውጣ ብሎ ያመለከተ ሰው ለምን ከሥራው ይባረራል? እነዚህ ጥያቄዎች ከምልጃው ጋር አብረው ወደ መቅደሱ ገቡ። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ምእመናን አልነበሩም።

በ1988 ክርክሩ ፈነዳ። በመንግሥት የተጨነቀው የቤተ ክርስቲያን አመራር ጸሎቱን ያስተባብሩ የነበሩትን ፓስተር ክሪስቶፍ ቮነበርገርን ከዚህ ኃላፊነት አነሣ፤ ጸሎቱን የማዘጋጀቱንም ሥራ ከወጣቶቹ ቡድኖች ወሰደ። ይህ ጸሎት ነው ወይስ ፖለቲካ? የሚለው ጥያቄ ከሥሩ ነበር። አመራሩን በፈሪነት ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ብትዘጋ ለተገፋው ሰው የሚቀረው መጠጊያ አልነበረም። ቢሆንም ጥያቄው ራሱ ስሕተት ነበር። በእግዚአብሔር ፊት ስለ ታሰረ ልጁ የሚያለቅስ አባት ጸሎቱ የት ላይ አብቅቶ አቤቱታው የት ላይ እንደሚጀምር ማን ይለይለታል? የተገለሉት ወጣቶች ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይሰበሰቡ ጀመር፤ አደባባዩ ተቃውሞን የለመደው ያኔ ነው። በ1989 ጸደይ ቡድኖቹ ወደ ጸሎቱ ዝግጅት ተመለሱ።

ክርክሩ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የላይፕሲጎቹ ሉተራውያን ናቸው፤ መካነ ኢየሱስም የዚያው ቤተሰብ ናት። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ በነበሩበት በ1972፣ ይህች ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የሰው ነፍስና የሰው ኑሮ ተነጣጥለው ሊታዩ እንደማይገባ ሞግታለች። ቄስ ጉዲና በ1979 በደርግ ታፍነው ተገደሉ።

ወደ ላይፕሲግ እንመለስ። ኦክቶበር 9 ቀን 1989 ሰኞ ነበር። በቤጂንጉ የቲየናንመን አደባባይ ደም ከፈሰሰ ገና አራት ወሩ ነው። የላይፕሲግ ጋዜጣ ከሦስት ቀን በፊት የአንድ የሚሊሺያ አዛዥ ደብዳቤ አውጥቷል፤ አስፈላጊ ከሆነ በመሣሪያም ጭምር እንመክታለን የሚል። ከቀትር በኋላ መቶዎች የሚሆኑ የገዥው ፓርቲ አባላት ታዝዘው መጡና የኒኮላይን ወንበሮች ቀድመው ያዙ። የቤተ ክርስቲያኑ ፓስተር ክርስቲያን ፊውረር አላስወጧቸውም፤ ሰሌዳው ለሁሉም ይላልና። ወንበር እንዲይዙ የተላኩት ሰዎች ጠላትን ስለ መውደድ የሚናገረውን ወንጌል ቁጭ ብለው ሰሙ። በአራት አብያተ ክርስቲያናት ጸሎት ተደረገ፤ የሙዚቃ ጓድ መሪው ኩርት ማዙር ከአንድ የሥነ መለኮት ምሁር፣ ከአንድ የመድረክ ቀልደኛና ከሦስት የፓርቲ ሹማምንት ጋር ያወጣው የመረጋጋት ጥሪም ተነበበ። ሕዝቡ ሻማ ይዞ ወጣ። 70 ሺህ ያህል ሰው «የኃይል ርምጃ አይኑር» እያለ በታጠቀ ኃይል ፊት አለፈ። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ከአንድ ወር በኋላ የበርሊን ግንብ ተከፈተ።

ያን ምሽት ጸሎት ብቻ አላዳነውም፤ የሞስኮ ዝምታም፣ የበርሊን መሪዎች መወላወልም ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ሕዝቡ ድንጋይ አለማንሣቱን በድንገት አልተማረውም። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ በሰኞ፣ በደሉን በግልጽ እየተናገረ በዳዩን ላለመጥላት ሲለማመድ ቆይቷል። የአንድ ምእመናን ማኅበር ለአካባቢው ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ይመስላል። የፓርቲ ፕሮግራም ማውጣት የሌላ ሰው ሥራ ነው።

አገዛዙ ሲወድቅ ፊውረር ሥራዬ ተፈጸመ አላሉም። ጀርመን ስትዋሐድ የምሥራቁ ፋብሪካዎች እየተዘጉ ብዙ ሺህ ሰው ሥራ ፈታ፤ እሳቸውም ከሥራ አጦቹ ጎን ቆሙ። በ2003 በኢራቅ ጦርነት ላይ ተቃውሞ ሲነሣም ቤተ ክርስቲያናቸው ደጇን አልዘጋችም። ፊውረር በ2008 ጡረታ ወጥተው በ2014 አረፉ። በኒኮላይ የሰላም ጸሎት ከእሳቸው በኋላም ሰኞ በ11 ሰዓት መደረጉን ቀጥሏል።