ያየሁት ኮከብ

ከሁለት ዓመት በፊት በወጣቶች ፕሮግራም ላይ የሰጠሁትን ምስክርነት አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ከደላላ ጋር ተነጋግሬ ነበር። አንድ ምሽት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ፣ “ጌታ ሆይ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?” ብዬ ስጸልይ ደማቅ ኮከብ ከሐይቁ ማዶ ተነሣ። ያለ ድምፅ ወደ ላይ ወጣ፤ አናቴን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ድርግም ብሎ ጠፋ። “መንገድህ መካከል ላይ ይቋረጣል” የተባልኩ መሰለኝ። ቀረሁ። ይህንን ስናገር ጉባኤው በእልልታ ተሞላ።

ባለፈው ጥቅምት ሰማይ ማየት የሚወዱ ጓደኞቼ ወደዚያው ዳርቻ ጠሩኝ። አገራችን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ አላት፤ በታኅሣሥ 2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ ደግሞ ይህ ፍቅር ብዙዎችን ያዘ። አንዱ ስልኩን አይቶ “1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ይወጣል” አለ። በደቂቃዋ ወጣ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው፤ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ሰው ተለይቶት አያውቅም። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ በ90 ደቂቃ ገደማ ምድርን ይዞራል። የራሱ ብርሃን ሳይሆን የፀሐይ ነጸብራቅ ነው የሚታየን፤ ለእኛ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለእርሱ ገና ታበራለታለች። ከዚያ አናታችንን አልፎ ድርግም አለ። “የምድር ጥላ ውስጥ ገባ” አለ ልጁ።

ሌሎቹ አጨበጨቡ። እኔ ዝም አልኩ። አካሄዱም አጠፋፉም ያው ነበር።

ያን የመጀመሪያውን ምሽት ከሻሸመኔ እስከ ዲላ ቀና ያለ ሁሉ ያንኑ ብርሃን አይቶ ሊሆን ይችላል። ከመካከላቸው ሻንጣውን የሸከፈ ወጣት ቢኖርስ? ለእኔ “ቅር” ያለው ለእርሱ ምን አለው?

የማከብራቸውን አንድ ሽማግሌ አማከርኩ። “ልጄ፣ እግዚአብሔር በሰው እጅ ሥራም ይናገራል። ብዙዎች ታንጸውበታል፤ ተወው” አሉኝ። የመጀመሪያውን አልክድም፤ የሰማይ ጊዜ ሰሌዳ የማን እንደ ሆነ አውቃለሁ። ሁለተኛው ግን አልተዋጠልኝም። ጉባኤው እልል ያለው በልቤ ለሆነው ነገር አልነበረም፤ ምክንያት የሌለው ኮከብ ዓይኔ እያየ ጠፋ ስላልኩ ነው። ደግሞም አንድ ነገር አስቀርቼ ነበር፦ የደላላው ብር አልሞላልኝም ነበር። ውሸት አልተናገርኩም፤ ግን ታሪኩ ያምር ዘንድ ቆርጬዋለሁ። ምስክር ያየውን እንጂ የሚያምረውን እንዲናገር ማን ፈቀደለት?

ምናልባት ይህንንም በልቤ ይዤው እቀር ነበር። ነገር ግን ከመዘምራን አንዲት ታናሽ እህታችን ቀርባ፣ “ወንድሜ፣ ዓረብ አገር ልሂድ አልሂድ ብዬ አንተ እንዳደረግኸው ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ወጣሁ፤ ምንም አላየሁም። ለእኔ ዝም አለኝ መሰለኝ” አለችኝ።

እርሷ የምትወጣው 3 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጣቢያው በላይዋ ቢያልፍ እንኳ ጥላ ውስጥ ስለሚሆን አይታይም።

በሚቀጥለው ማለፊያ ከወንድሟ ጋር ወደ ሐይቁ ይዣት ሄድኩ። ሰዓቱን አስቀድሜ ነገርኳት፤ ወጣ፣ አለፈ፣ ጠፋ። ስለ ጥላው አስረዳኋት። ስለ ብሩም ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ “ስንት ነበር የጎደለህ?” አለችኝ።

ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያም የእርሷን ደላላ ሒሳብ ቁጭ ብለን መደመር ጀመርን።