የኦክስፎርድ ማሟያ ምርጫና የሰላም ዋጋ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1938 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ የተካሄደው የማሟያ ምርጫ፣ በሞት የተለዩትን የከተማዋን እንደራሴ ለመተካት የተደረገ ነበር። መራጩ ፊት የቀረበው ጥያቄ ግን ከአንድ የፓርላማ ወንበር እጅግ የከበደ ነበር፤ በሌላ ሕዝብ መሬት የተገዛ ሰላም እውነተኛ ሰላም ነውን?

ከምርጫው አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሌን የቼኮስሎቫኪያ ግዛት የነበረው ሱዴተንላንድ ለጀርመን እንዲሰጥ ሙኒክ ላይ ፈርመዋል። ባለ አገሩ መንግሥት በድርድሩ እንዲቀመጥ እንኳ አልተፈቀደለትም። የወግ አጥባቂው ፓርቲ ዕጩ ኩዊንቲን ሆግ ስምምነቱን ደግፈው ቀረቡ። የሊበራልና የሌበር ዕጩዎች ድምፅ እንዳይከፋፈል ራሳቸውን አገለሉ፤ በምትካቸው የቤሊዮል ኮሌጅ ኃላፊ የነበሩት ፈላስፋ ኤ. ዲ. ሊንድሴይ በግል ተወዳደሩ።

የስምምነቱ ደጋፊዎች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና 20 ዓመት መሆኑ ነበር፤ ልጁን የቀበረ ወላጅ ሁለተኛ ልጁን ለጦር ሜዳ ላለመስጠት መመኘቱ ኃጢአት አይደለም። መንግሥትም የዜጎቹን ሕይወት የመጠበቅ አደራ አለበት። የክርክሩ ጉድለት ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ መሥዋዕትነት ሰው የራሱን ሲሰጥ እንጂ የጎረቤቱን አሳልፎ ሲሰጥ አይደለም። ዋጋውን የሚከፍለው ወገን ያልተጠየቀበት ስምምነት፣ የጦርነትን ሸክም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ አያወርደውም።

ሊንድሴይ «የዴሞክራሲ መሠረታውያን» በተሰኘው የ1929 መጽሐፋቸው የዴሞክራሲን ሥር በፒዩሪታን ክርስቲያኖች ጉባኤ ውስጥ ፈልገዋል። ዋናው ነገር ድምፅ መቁጠር ሳይሆን በእኩልነት መወያየት ነው ይላሉ። በኦክስፎርድም ይኸው ታየ፤ ወግ አጥባቂው ተማሪ ኤድዋርድ ሂዝ፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ የፓርቲያቸውን ዕጩ ትተው ለሊንድሴይ ቀስቅሰዋል። በአንጻሩ ለሆግ የተሰጠ ድምፅ ለሂትለር እንደተሰጠ ይቆጠራል የሚለው መፈክር ውይይቱን የሚጎዳ ነበር። የተሳሳተን ፖሊሲ የደገፈ ሰው ሁሉ የግፈኛው ወዳጅ አይደለምና። ሆግ ራሳቸው በሜይ 1940 በፓርላማ የቻምበርሌንን መንግሥት ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል።

ሆግ በ15,797 ድምፅ አሸነፉ፤ ሊንድሴይ 12,363 አገኙ። በቀጣዩ ወር፣ ኖቬምበር 16 ቀን፣ የቻምበርሌን መንግሥት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመያዟ ይፋዊ ዕውቅና ሰጠ፤ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ያን ጊዜ በዚያው በእንግሊዝ አገር በስደት ላይ ነበሩ። በማርች 1939 የጀርመን ጦር ፕራግ ገባ፤ በሴፕቴምበር ጦርነቱ ተጀመረ። የድምፅ ብልጫ ማን ፓርላማ እንደሚገባ ይወስናል፤ የሌላውን አገር ለመስጠት ግን ለማንም ሥልጣን አይሰጥም።