የማየት ዕዳ

የበጋው ድርቀት አብቅቶ የበልግ ደመና በጨርጨር ተራሮች ላይ ማንዣበብ ሲጀምር፣ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ከነበረችው ከጭሮ አንሥቶ እስከ በዴሳና ገለምሶ ድረስ ያለው ገበሬ ዓይኑን ወደ ሰማይ ያቀናል። ማሽላውን የሚዘራው ያን ዝናብ አምኖ ነውና። በኩኒ አቅራቢያ፣ በሙክታር ተራራ ደን ውስጥ ይህንኑ ዝናብ ሲጠብቅ የኖረ ሌላም ፍጡር አለ፤ እርሱም ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም ዓለም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ነው። ቅጠሉና ሣሩ ሲለመልም ይህ ድንጉጥ እንስሳ በንጋትና በምሽት ከደኑ ጥግ ብቅ ይላል። ሊያየው የሚሻ ሰው የነፋሱን አቅጣጫ ለይቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ መጠበቅ ይኖርበታል።

ይህን መሰሉ ትዕግሥት አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል። ማየት ምንም ግዴታ የማያስከትል የዓይን ደስታ ብቻ ነውን? ወይስ ያየ ሰው ላየው ነገር ባለዕዳ ይሆናል?

የአጋዘኑ ታሪክ ራሱ ለመልሱ መነሻ ይሰጣል። የአገሬው ሰው ጥንቱንም ያውቀው የነበረውን እንስሳ የውጭው ሳይንስ የተዋወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ቡክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ተኩሶ ከጣለው በኋላ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም በአዳኙ ስም የሳይንስ መጠሪያ ወጣለት። በዚህ ጊዜ ማየት ማለት ገድሎ የራስ ማድረግ ሆነ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ምስሉ በአሥር ሳንቲም ላይ ተቀረጸ። ከሂርና ገበያ እስከ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ፤ ዳሩ ግን ሳንቲሙን የቆጠረ ሁሉ አጋዘኑን አየ ለማለት አይቻልም። ምስል ሕይወት ያለውን ነገር እንደሚያስታውስ ሁሉ፣ ተክቶት ሊያስረሳውም ይችላል።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ኩኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ ሆኖ ተከለለ። ይሁን እንጂ አደኑና የደኑ መመንጠር አልቆመም፤ የአጋዘኑም ቁጥር ተመናመነ። ጥፋቱን ሁሉ መጥረቢያ በያዘው ገበሬ ላይ መጫን ቀላል ነው። ነገር ግን መሬቱ ጠቦት ቁልቁለቱን የሚያርስ፣ ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ሰው ስለ እንስሳ ውበት ቢሰበክለት ምን ይጠቅመዋል? ደኑ የምንጩ እናት መሆኑን ከሰባኪው ይበልጥ እርሱ ያውቃል። የጎደለው ፋታ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ተቃርኖ ያለው በሰውና በአውሬ መካከል ሳይሆን፣ በዛሬው ጉርስና በነገው ውሃ መካከል ነው።

የማየት ዕዳም ከዚህ ላይ ይገለጣል። አድናቂው በሩቅ ሆኖ ይደሰታል፤ የደስታውን ዋጋ የሚከፍለው ግን መሬቱን ሳያርስ የሚቀረው የደኑ ጎረቤት ነው። እንግዲህ ተመልካቹ ሁለት አበዳሪዎች አሉት፤ አንዱ እንስሳው፣ ሌላው ገበሬው። አንዱን ከፍሎ ሌላውን መካድ ፍትሕ ሊሆን አይችልም። ሠዓሊው አጋዘኑን ሲሥል ከተራራው ሥር ያለችውን ጎጆ እንዳይዘነጋ፣ መምህሩ የእንስሳውን ስም ሲያስጠና ተማሪውን ወደ ደኑ ዳር ይዞት እንዲወጣ፣ ካድሬውም ጥበቃን ሲያውጅ የገበሬውን ኪሣራ አብሮ እንዲያሰላ ያስፈልጋል።

አሥር ሳንቲሙ ዋጋ በማጣቱ ዛሬ በገበያ እምብዛም አይታይም። በላዩ የተቀረጸው እንስሳ ዕጣም ይኸው እንዳይሆን፣ በልግ በመጣ ቁጥር ወደ ደመናው የሚቀናው ዓይን ወደ ሙክታርም ሊያቀና ይገባዋል።